የማርሚታው ስፌት

ሞተሩ የእናቷን እግር አቃጠለ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ አራት ቀን ሙሉ፣ ሲሄዱም ሲመለሱም። እናትየዋ አልተሰማትም። ልጅቷ አላየችም።

ልጅቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። ልጅ የምትባለው ለእናቷ ነው እንጂ ዕድሜዋ ለአርባ አንድ ፈሪ ነው። ሰፈሩ «አሁኑኑ» ይላታል። ስም አውጪው ብዙ አልተቸገረም፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነው። መልሱን አሁኑኑ፣ ሻዩን አሁኑኑ፣ ቁልፉን አሁኑኑ። በሞተር ከቤት ቤት እየዞረች መስኮት ትለካለች፣ ትሰፋለች፣ ትሰቅላለች፤ ሰዉ «እስቲ አረፍ በይ» ሳይላት በሩ ጋ ደርሳለች።

እናትየዋ ጡረታ ወጥታለች። ድሮ ንብረት ክፍል ነበረች። ዕቃ አይጠፋባትም፣ ነገር መደበቅም ታውቅበታለች። ጠዋት ጠዋት ከልጇ ኋላ ትፈናጠጥና አብራት ወደ መጋረጃ ሱቋ ትሄዳለች። እዚያ ቁጭ ብላ መጋረጃ ላይ ቀለበት ትሰካለች። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የእግር ጣቶቿ ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ውስጥ እግሯ፣ ቀጥሎ ተረከዟ። «ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለውን አከራይቼዋለሁ» ትላለች፣ ሰው ሲጠይቃት።

ሰኞ ዕለት የሞተሩ ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫው፣ ከቧንቧው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ልክ ከኋለኛው ሰው የቀኝ መርገጫ ሥር። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ውሻ ተከተላት። እሷ ደግሞ የዚያን ቀን አሥራ ስድስት መስኮት ያለው ቢሮ መጋረጃ ልትሰቅል ቀጠሮ አላት።

መካኒኩ ጋ ሄደች። እሱንም ሰፈሩ አልማረውም፤ «ነገ ና» ነው የሚሉት። እጁ ወርቅ፣ ቀጠሮው አፈር።

«አሁኑኑ ሥራልኝ» አለችው።

«ነገ ነይ።»

«ነገ ስመጣ ምን ትለኛለህ?»

«ነገ ስትመጪ እናያለን።»

ጥላው ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ሁለት ፋሼታ ገዛች፣ እነዚያን በብሎን የሚጠበቁ የብረት ቀለበቶች። እሳት ይችላል የተባለ ማጣበቂያም ገዛች። ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ላይ በመቀስ ቁራጭ አወጣች፤ ቆረጣው የሷ ሥራ ስለሆነ ቀጥ ያለ ነበር። ማጣበቂያውን ቀባች፣ ቆርቆሮውን ጠቀለለችበት፣ ሁለቱን ፋሼታዎች በካቻቢቴ አጠበቀች። የቆርቆሮው ሁለት ጫፍ የሚደራረብበትን መጋጠሚያ ወደ ላይ፣ ወደ መርገጫው ሥር አዞረችው። እዚያ ማንም አያየውም። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ስፌት ሲታይ ያማታል።

ማጣበቂያው ላይ «ለአንድ ቀን ይደር» ይላል። አሥር ደቂቃ አሳደረችው።

ሞተሩን አስነሳች። ጩኸቱ ጠፍቷል። ትንሽ እስስስ የምትል ነገር ነበረች፣ ግን ማን ሰምቷት። አሥራ ስድስቱም መስኮት በዚያው ቀን መጋረጃ ለበሰ።

ማክሰኞ ጠዋት እናትየዋ ከኋላዋ ሆና፣ «ማሞቂያ አስገጠምሽላት እንዴ ለዚች ሞተር?» አለቻት።

«ምን?»

«ቅልጥሜን ሞቀኝ። ደስ ይላል።»

«ጥብቅ አድርገሽ ያዢኝ፣ ጉድጓድ አለ።»

በዚሁ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ በሩ ሥር የተቀመጠውን የእናቷን ጫማ በእግሯ ገፋ አድርጋ ልታልፍ ስትል ቀኝዬው ተገለበጠ። አየችው። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ሶሉ ተረከዙ ጋ ቀልጦ፣ የመርገጫው ጥርስ እንደ ማህተም ታትሞበታል። ከጥርሶቹ መሀል ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጣቷን አስገባች፤ በወዲያ በኩል ወጣ።

«እማዬ! ይሄ ምንድነው?»

«ጫማ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«አርጅቶ ነዋ። እኔስ መች ተረፍኩ?»

«ካልሲሽን አውልቂ።»

«ገና ከእንቅልፌ ተነስቼ…»

«እማዬ፣ አሁኑኑ።»

እናትየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች የግራውን አወለቀች። በጣም ቀስ ብላ አወለቀች።

«የቀኙን።»

«ልጄ፣ ትጮሂብኛለሽ።»

«አልጮህም።»

«ከጮህሽ መልሼ አደርገዋለሁ።»

የቀኙ ካልሲ ሥር ጨርቅ ነበር፤ ከሱቅ የመጣ የስስ መጋረጃ ቁራጭ፣ ጫፉ በንጽህና ታጥፎ የተጠመጠመ። ከጨርቁ ሥር፣ ተረከዟ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል አለ። ዳሩ ነጭ፣ መሀሉ ጥቁር። ልጅቷ አልጮኸችም። ጫማውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማክሰኞ ማታ ካልሲው አልወልቅ ሲለኝ አየሁት። ጫማው ነው የነከሰኝ ብዬ ተውኩት።»

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕ ሰፋ አለ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሩጫ ላይ ነበርሽ። ደግሞ እንደማይሰማኝ ታውቂያለሽ። የማይሰማኝን ነገር ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ልጅቷ ጫማውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እናቷን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከደጅ አወጣቻትና ሞተሩ ላይ አስቀመጠቻት። ቀኝ እግሯን በሁለት ነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ፣ መርገጫውን እንዳይነካ ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ በመጋረጃ ማሰሪያ አሰረችላት። ክሊኒኩ ዳገቱ ላይ ነው። መንገዱን ለውኃ ቧንቧ ቆፋፍረውት መኪና አይወጣውም። እግረኛና ሞተር ብቻ።

«እንደ ዶሮ ታስሬ» አለች እናትየዋ መንገድ ላይ።

ነርሱ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አየው። በቀጭን ብረት ጫፉን ነካ ነካ አደረገ። እናትየዋ ጣሪያውን ትቆጥራለች።

«እማማ፣ ምን አቃጠለዎት?»

«ምድጃ።»

«ምድጃ በእግርዎ ረገጡ?»

«ላጠፋው ብዬ።»

«ሞተር ነው» አለች ልጅቷ። «የኔ ሞተር። ማርሚታውን የጠገንኩት እኔ ነኝ።»

«ምድጃ ነው» አለች እናትየዋ።

ነርሱ ሁለቱንም አየና ወደ እግሩ ተመለሰ። «ስኳር ያለበት እግር ላይ ቁስል አይናቅም። አሁን ሥጋ ላይ ነው ያለው። ወደ አጥንት ከወረደ ግን እግር እስከ ማጣት ይደርሳል። አንድ ቀን እያለፉ እየመጡ ይታጠባል። እንዳይረግጡበት። ሌላ ምንም፣ ደግሜ እላለሁ፣ ምንም ሙቀት እንዳያገኘው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«አንድ ወር። ሁለትም ሊሆን ይችላል።»

«ከዚህ የሚፈጥን ነገር የለም?»

«እህቴ፣ ሥጋ ነው። ሲገጥም በራሱ ጊዜ ነው።»

ቀጣዩ ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት ሆነ።

እናቷን ቤት መልሳ እግሯን ትራስ ላይ ሰቀለችላት። «ሰኞ ሌላ ሰው ይወስድሻል» አለቻት። «የጎረቤታችን ልጅ ጥሩ ሞተር አለው።»

«ከማንም ኋላ አልቀመጥም። ያንቺን ጀርባ ለምጃለሁ።»

«እግርሽን አቃጥዬዋለሁ እኮ!»

«እሱም ያንቺ ነው» አለች እናትየዋና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ወዲያ ቢጎትቷት አትናገርም።

ልጅቷ መካኒኩ ጋ ስትደርስ አንድ ጎማ አቅፎ ይታገላል። ቀና አለ። «ነገ…» ሊል አፉን ከፈተ። ፊቷን አየና ዘጋው።

ቀልጦ የተበሳውን ጫማ ከቦርሳዋ አውጥታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። የሆነውን በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረችው። ጎማውን ለቀቀው፤ ተንከባሎ ግድግዳው ጋ ወደቀ።

«ሞተሩን አስነሺው» አላት። «ቀጭን ጨርቅ አለሽ?»

ከቦርሳዋ የስስ መጋረጃ ቁራጭ ሰጠችው። መርገጫው ላይ አንጠለጠለው። ጨርቁ ወደ ላይ ተነሳ። እንደ መስኮት መጋረጃ በነፋስ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መሀሉ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ሸተተ። ልጅቷ ሞተሩን አጠፋችው።

ሲቀዘቅዝ መካኒኩ ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየው።

«ቆረጣው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንደ ማሽን ነው።»

«አታሽሟጥጠኝ።»

«የምሬን ነው። ግን መጋጠሚያውን ለምን ወደ ላይ አዞርሽው?»

«እንዳይታይ።»

«ለማን?»

መጋረጃ ላይ ስፌት ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ እጇ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ይሄንን ነው። ማርሚታ ግድግዳ የለውም። ከስፌቱ ወዲያ የነበረው የእናቷ እግር ነው።

«ጭስ እንደ ውኃ ነው» አለ መካኒኩ፣ ፋሼታዎቹን እየፈታ። «መውጫ ካልሰጠሽው ራሱ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ተደራርቦ ሲጠቀለል ደግሞ በመደራረቢያው ነው የሚወጣው። ወደ መሬት ካዞርሽው፣ ቢያፈስም የሚያቃጥለው መንገዱን ነው። መንገዱ አይጮህም።»

«እናቴም አልጮኸችም።»

መካኒኩ ቀና ሳይል፣ «ሰኞ ‹ነገ ነይ› ባልልሽ ኖሮ…» አለ።

«አንተ ስምህ ነው። እኔ ነኝ የቸኮልኩት። ሥራ።»

«እሺ።»

«ለምን አትበይደውም? ብየዳ ይሻላል።»

«ምኑን ልበይደው?» የካቻቢቴውን ጫፍ ስንጥቁ አጠገብ ጫን አደረገው። እንደ ቅቤ ገባ። «አየሽ? ዝገት ነው። እሳት ካስነካሁት ጭንቅላትሽን የሚያስገባ ቀዳዳ ይሆናል። መቀየር ነው ያለበት፤ አዲሱ ቧንቧ ደግሞ ዛሬ ብናዝዘው ከሁለት ሳምንት በፊት አይመጣም። እስከዚያ ማስታገሻ ነው የምንሰጠው።»

«ሁለት ሳምንት ይይዛል?»

«በሥርዓቱ ከተሠራ።»

በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ፋቀ። እሷ አጠገቡ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። እንደገና ፋቀ። በብርጭቆ ወረቀት ዞረበት። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠረገ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ እንደገና ጠረገ።

«ጠራ እኮ!»

«አልጠራም።»

«እኔ ይታየኛል።»

«ያንቺ ዓይን መጋረጃ ላይ ነው የሚሠራው። ቁጭ በይ፣ እንቁላልም በእግሩ…»

«እንቁላልህን ተወኝ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ ግን አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። አዲሱን ቆርቆሮ ግን እሷ ቆረጠችው፤ አሳልፎ ሰጣት፣ ከሷ የተሻለ እንደማይቆርጥ ያውቃል። በሜትሯ ለካች፣ ሁለት ጣት አስረዘመች። መካኒኩ ማጣበቂያውን ስንጥቁ ውስጥ በጣቱ እየሞላ ገባ፣ ቆርቆሮውን ጠቀለለ። መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ቆመና አያት።

«አንቺ አዙሪው» አላት።

ተነስታ በሁለት እጇ ያዘችው። ወደ ታች አዞረችው። ከጎን ስታየው ጫፉ ይታያል፤ ማጣበቂያው ተርፎ ወጥቷል፣ ቆርቆሮው ላይ የዘይቱ ፋብሪካ ሥዕል ግማሹ አለ። አስቀያሚ ነው። ተወችው። እሱ ሦስት ፋሼታ አጠበቀበት። ከዚያ ከወፍራም ላሜራ መከለያ አጠፈና በማርሚታውና በመርገጫው መሀል፣ ሁለቱንም ሳይነካ፣ በሁለት ብሎን አሠረው።

«አሁንስ?»

«አሁን ይጠብቃል።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ደቂቃ አላልኩም። ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ሞተሩን አሥር ደቂቃ በዝግታ አስነስተን እናጠፋዋለን፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና እናስነሳዋለን፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። ከዚያ ነው የሚያዘው።» ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ «ሰኞ ግን ስንት አቆየሽው?» አላት።

«አሥር ደቂቃ።»

«ያንን ለማንም አትንገሪ።»

«ነገ እሑድ ነው። ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ነገ ስትል እኔ…»

«እመጣለሁ አልኩሽ።»

በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባት። መንገዱን ከዚህ በፊት በእግሯ ሄዳበት አታውቅም። እናቷ እግሯን ትራሱ ላይ እንደሰቀለች ዕቅፏ ውስጥ መጋረጃ ዘርግታ ቀለበት ትሰካለች።

«ሞተሩስ?»

«ይደርቃል።»

«ምን ያደርቀዋል፣ በልተሽ ሂጂና አምጪው እንጂ።»

«ያድራል እማዬ። ያድራል።»

እናትየዋ ከመጋረጃው ላይ ቀና ብላ ልጇን በደንብ አየቻት። «አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

እሑድ ጠዋት መካኒኩ ከሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ይህን ለሰፈሩ ብትነግር የሚያምናት የለም። ሞተሩን አሥር ደቂቃ አስነሱ፣ አጠፉ። ቀዘቀዘ። እንደገና አስነሱ። ማጣበቂያው መጀመሪያ ጨሰ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። እሷ ከጎማው ላይ አልተነሳችም። ሁለቴ ብቻ ሰዓቷን አየች።

በሦስተኛው ላይ መካኒኩ ነዳጅ ሰጠው፤ ሞተሩ አጓራ። የመጋረጃ ቁራጯን መርገጫው ላይ አንጠለጠለ። ጨርቋ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ መሬት አወረዳት፣ ከመጋጠሚያው ሥር ያዛት። እዚያም አልተንቀሳቀሰችም።

«ይኸውልሽ» አለ፣ እጁን እየጠረገ። «ቅንጣት አያፈስም። ነገ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ።»

«ቆሞ ነው ያልፈሰሰው።»

«እና?»

«መንገዱ ጉድጓድ ነው። ዳገት አለው። ሲንቀጠቀጥ ቢከፈትስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ሲሮጥ የታጠቀ ነገር የለም፣ አንድ ሌሊት አድሯል! መከለያም አለው። ጨርቁን አየሽው አይደል?»

«አየሁት። እናቴ ጨርቅ አይደለችም።» የሞተሩን ቁልፍ ሰጠችው። «ና፣ አንተ ንዳ።»

«ወዴት?»

«ክሊኒኩ በር ድረስ። በዳገቱ።»

«ዛሬ ዝግ ነው።»

«አውቃለሁ።»

መካኒኩ ቁልፉን ይዞ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ፣ አስነሳ። እሷ ደግሞ የሥራ ጠረጴዛውን ተደግፋ የቀኝ ጫማዋን ፈታች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ካልሲዋንም አወለቀች። ጫማው ውስጥ ወሸቀችው።

«አንቺ ሴት፣ ብረት ነው እኮ! ካፈሰሰ ያቃጥልሻል።»

«ካቃጠለኝ እሰማዋለሁ» አለች። «እሷ አትሰማም።»

ከኋላው ተፈናጠጠች። በአንድ እጇ ጃኬቱን ያዘች፣ በሌላው ጫማዋን።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው። «ከናቴ ጋር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅብን። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፍጅ።»

ባዶ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች።